ፍሬን

አሥራ አንድ ዓመቴ ነው ትራም ስዘውር፣
በግዳንስክ በረዶ፣ በግዳንስክ ጠጠር።
እጄ የሚያውቀው ነገር አንድ ነው፤ ፍሬን።
ውሻ ሲያቋርጥ ፍሬን፣ ኳስ ሲንከባለል ፍሬን፣
ሰካራም ከሐዲዱ ጋር ወግ ሲጀምር ፍሬን።
እጄ ይቀድመኛል፣ ሐሳቤ ይከተላል፤
የጫንኩት ሰው ሁሉ በዚህ ቤቱ ገብቷል።

አንቺ ዛሬ አዳሪ ነሽ፤ ትእዛዝሽ ግን እቤት ነው፣
ማቀዝቀዣው በር ላይ፣ ማግኔት የያዘው፦
«ስምንት ወር ሞላት፤ ድፍጥፍጡ ይብቃት።
ካሮቱን ቀቅለህ እንደ ጣትህ ቁረጥላት፤
በሁለት ጣት ሲጫኑት ካልሟሸሸ መልሰው።
የምታነሣው ራሷ ናት። እጅህን ሰብስበው።»
«እጅህን» ከሚለው ሥር ሁለቴ አስምረሻል።
ታውቂኛለሽ።

ማንኪያ ደግ ነበረ፣ ያድቪጋ።
ዱባም ድንችም ፖምም ሚክሰር ውስጥ ገብተው
አንድ መልክ፣ አንድ ጠባይ ይዘው ይወጡ ነበር።
ከሳህን እስከ አፏ ቀጥ ያለ ሐዲድ ነበረኝ፤
ፌርማታው አንድ፣ ተሳፋሪዋ አንዲት።
በከንፈሯ ጥግ የተረፈውን በማንኪያው ጠርዝ ለቅሜ
መልሼ አጎርሳት ነበር፤
ሳይፈስ፣ ሳይባክን፣ በሰዓቱ።

አሁን ብሮኒያ እንደ ዳኛ ተሰይማለች።
ፊቷ ሦስት ካሮት፣ ሁለት ቀይ ሥር፣
እናትሽ የላከችው ኮፒትካ፣ በአራት የተከፈለ።
ካሮቱን ጨበጠችው፤ ጭብጥ አድርጋ ከመያዟ የተነሣ
ካሮቱ ጠፋ።
የራሷን ጣት ጠባች፣ ቅር አላት፣
መዳፏን ከፍታ አየች፦ እዚያው አለ!
ዳግመኛ ጨበጠችው፤ ዳግመኛ ጠፋ።
ቀይ ሥሩ ወደ ጆሮዋ፣ ከጆሮዋ ወደ ግድግዳው።
(ግድግዳውን ስትመጪ አትዪው።)

ከዚያ ነከሰች።
ሁለት ጥርስ ብቻ ይዛ መግመጥን ከማን ተማረች?
ጉንጯ አበጠ፣ ቆመ። ዓይኗ ዕንባ አቀረረ።
ምላሷ ወደ ፊት ወጣ፣
«ኧኽ» አለች።
«ኧኽ።»

እጄ ተነሣ።
እኔ አላነሣሁትም፤ እሱ ነው የተነሣ።
ጣቴ አፏ አጠገብ ደርሶ ነበር
ድምፅሽን ስሰማ፣ ባለፈው እሑድ ሰሃን እያጠብሽ ያልሽውን፦
«ከጮኸች፣ ካሳላት፣ ሥራ ላይ ናት፤ ተዋት።
ዝም ካለች ግን፣ ቬስዋቭ፣ ያኔ እንዳትቀመጥ።»

ጆሮዬን ሰጠሁ፣ እጄን ነፈግሁ።
በር ከመዝጋቴ በፊት እንደምቆጥረው ቆጠርኩ፤
አንድ፤ አሮጊቷ ትሳፈር፤
ሁለት፤ ባለጋሪዋ ትውረድ፤
ሦስት፤
ወንበሬ ጠበበኝ፣ ኩሽናው ጠበበኝ፣
አራት ላይ ካሮቱ ወጣ፣
በአገጯ ተንሸራቶ ሳህኗ ላይ አረፈ።

አለቀሰች አልኩሽ? አላለቀሰችም።
ካሮቱን እንደ ጠፋባት ቁልፍ ትክ ብላ አየችው፣
አነሣችው፣
መልሳ ከተተችው።
ይኸኛውን አላመጠች። ዋጠች።
እኔ ግን ቀኝ እጄ ላይ ተቀምጬ ነበር፤
እስክነሣ ድረስ ደንዝዟል።

ለመጨረሻ አንድ ፕሪም ላጥኩ፣ አስኳሉን አወጣሁ፣
ለስላሳውን በቀጭኑ ቆረጥኩ።
ልማድ ነው፤ ወደ አፏ ወሰድኩት።
አፏን ገጠመች።
መዳፏን ዘረጋች፤ ቀይ ሥር የነከረው መዳፍ፣
እንደ ቲኬት ተቆጣጣሪ፣ ያለ ፈገግታ።

ነገ ንጋት ላይ ዝናብ ይኖራል፣ ሐዲዱ ያንሸራትታል፣
እጄ እንደ ወትሮው ይቀድመኛል፤ መቅደምም አለበት።
ዛሬ ማታ ግን፣ ያድቪጋ፣
መዳፏ ላይ አኖርኩና
ፍሬን ለቀቅሁ።